አዲስ አበባ ሄጄ መስኮት ስፈልግ ዋልሁ

መጋረጃ ሰፊዋ (ደሴ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ አዲስ አበባን አይቼ ተመለስሁ። የሄድሁት ጨርቅ ልገዛ ነው፤ ደሴ ፒያሳ አንዲት ጠባብ የመጋረጃ ስፌት ቤት አለችኝ። ሌላው ሰው ረጅም ሕንፃ ሲያይ ፎቅ ይቆጥራል፤ የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው መስኮቱ ላይ ነው። ወርዱንና ቁመቱን በዓይኔ እለካለሁ፣ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበላ አስባለሁ፣ ሕንፃው ራሱ የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን የመጋረጃ ሰፊ ወሬ ነው ብላችሁ አንብቡልኝ።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር በዚያ ሌሊት መብራት እንጂ ከተማ አላየሁም። በማግስቱ መርካቶ ጉዳዬን ጨረስሁና የእህቴ ልጅ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወሰደኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከድንጋዩ አንበሳ ሥር አቁሞ ፎቶ አስነሥቶኛል። ያን ጊዜ ከዚያ አንበሳ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን በአጠገቡ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል፤ 209 ሜትር ነው፣ በ2014 የካቲት ተመረቀ አለኝ ልጁ። ጫፉን ልይ ብዬ ቀና ስል ሻሼ ከራሴ ወደቀ።

ውበቱን አልክድም። ፊቱ ታጥፎ እንደተዘረጋ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ገጽ ሲያበራ አጠገቡ ያለው ይጨልማል። ደመና ሲያልፍበት ደግሞ የሚሄደው ደመናው ይሁን ሕንፃው አይለይም። በበኩሌ ጥሩ እጥፋት ሳይ አውቃለሁ፤ ይህን ያሰበው ሰው እጥፋት ያውቃል። ልጁ እስኪሰለቸው ድረስ ቆሜ አየሁት።

ግን መስኮቱን ፈልጌ አጣሁት። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ የሚከፈተው የቱ እንደሆነ፣ ከኋላው ሰው ይኑር አይኑር አይታይም። የሚታየው ሰማዩና ማዶ ያለው ሕንፃ ነው። በእኛ ሰፈር መስኮት ይናገራል። ጠዋት ከተከፈተ ቤተ ሰቡ ደኅና አድሯል፤ እስከ ረፋድ ከተዘጋ ጎረቤት ሄዶ ያንኳኳል። መጋረጃው ከተለወጠም ወይ ዒድ ደርሷል፣ ወይ ፋሲካ፣ ወይ ሙሽራ አለ። እዚያ ሁለት መቶ ሜትር መስታወት ስር ቆሜ የአንድ ሰው ወሬ እንኳ አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ሰንጋ ተራ አለፍን። ባንኩም ኢንሹራንሱም እዚያ ተሰብስቧል፤ ሰማያዊ መስታወት፣ አረንጓዴ መስታወት፣ ወርቅ የመሰለ መስታወት። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዐስር ደረሰና ልሰግድ ፈለግሁ። ደሴ ላይ ስሆን የስግደቱን አቅጣጫ፣ ቂብላን፣ ማንንም አልጠይቅም፤ የጦሳን ተራራ በግራ እጄ አድርጌ መቆም ነው። አዲስ አበባ ስሄድም ፊቴን ወደ እንጦጦ አዞራለሁ፤ የድሮ ልማዴ ነው። አሁን ግን እንጦጦ የለም! በየት በኩል ብዞር መስታወት። ፀሐይን ልይ ብል ደግሞ ከሦስት አቅጣጫ ታበራለች፤ አንዷ እውነተኛ፣ ሁለቱ ከሕንፃ የተመለሱ። ምዕራብ ጠፋብኝ። የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሲጎለጉል አንድ የሕንፃ ጥበቃ ሽማግሌ አይተውን "በዚህ በኩል ነው ልጄ" ብለው በዱላቸው አሳዩኝ። ወንበራቸውንም ለቀቁልኝ።

ማታ እንጦጦ ወጥተን ከተማዋን ቁልቁል አየናት። ያማረ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፤ በመብራት የማያምር ከተማ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እዚህ ደሴም፣ ታች ኮምቦልቻም፣ አዲስ የሚሠራው ፎቅ ሁሉ ፊቱን በመስታወት እየሸፈነ ነው። ለእኛ ብርድና ለእኛ ጉም ይህ ይሆናል? ወይስ አዲስ አበባ ስላደረገችው ነው የምናደርገው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሆጤ ሜዳ (ደሴ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡32

እህቴ፣ እውነቱን ተናገሪ፤ የከፋሽ ለገበያሽ ነው። ፊቱ ጠቆር ያለ መስታወት ሲበዛ መጋረጃ የሚያሰፋ ይጠፋል።

መጋረጃ ሰፊዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አልዋሽም፣ እርሱም አለበት።

ሳላይሽ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ ስኖር ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። እትዬ፣ እርስዎ ያዩት ከታች ነው። እኔ የምሠራው ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዐሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከውስጥ ሆኖ ሲያዩት ነገሩ ሌላ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ከእንጦጦ ሲነሣ አያለሁ፤ ጃንጥላዬን አንሥቼ ከመውረዴ በፊት ፒያሳን አርሶ ወደ እኛ ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አየሩ ሲጠራ ዝቋላ ብቻውን ወደ ደቡብ ቆሞ ይታያል። ተራራው አልጠፋም እትዬ፣ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ለማየት የመግቢያ ባጅ ያስፈልጋል እንጂ።

ይህን ስጽፍ ራሴን አሳቀኝ፤ ግን እውነት ነው።

በዚያ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ከተማዋ እንደዚህ ስትሆን ማየት ያኮራል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ባቡሩ ገና አልተጀመረም ነበር፤ በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ከጓደኞቼ ጋር ያለ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደናል። ረጅም ሕንፃም እንደዚያው ነው፤ የእኔ ባይሆንም ዘመድ ሲመጣ የማሳየው እኔ ነኝ።

ሌላም ወገን አለው። ተከራይቼ የኖርሁበት የፒያሳ ግቢ በ2016 ፈርሷል። አሁን በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ዛፍ ተተክሏል። በዱቤ ሻይ ትሰጠኝ የነበረችው ሴትዮ ግን የት እንደገባች አላውቅም። ሁለቱንም አብሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋልኝም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

በጠዋት ቡና ይዤ አነበብሁት። ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ግን ነገሩን ከመካከል ጀመርሽው። አዲስ አበባ "ዘመናዊ" ሕንፃ ያየችው ትናንት አይደለም።

በ1960 ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለእኛ ዘመናዊ ማለት አፍሪካ አዳራሽ ነበር። በ1953 ጥር ተመረቀ፤ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱንም የነደፈው እርሱ። ሥራው ያለቀው በዐሥራ ስምንት ወር ገደማ መሆኑን ስንሰማ አላመንንም። እስኪ መስታወት ካነሣሽ አይቀር የዚያን ቤት መስታወት ልንገርሽ። እንደ ገባሽ ደረጃው ላይ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ይቀበልሻል፤ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት፣ በሦስት ክፍል፣ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን የሚያሳይ። ተማሪ ሆነን ለጉብኝት ገብተን ከጓደኛዬ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ወደቀ፤ እርሱ ግን አላየውም ነበር። ያ መስታወት ብርሃኑን አስገብቶ ይለውጠዋል። የአሁኑ ደግሞ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል፤ አንቺን ያምታታሽ እርሱ ነው።

የቆምሽበትን ቦታም ዙሪያውን ብታይው ኖሮ ሙሉ ታሪክ ነበር። ቴአትር ቤቱን የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው፣ ለሲኒማ ብለው። ያለቀው ግን በ1948፣ የንጉሡ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ነው። አንበሳውም የዚያው በዓል ነው፤ ቀራጩ ሞሪስ ካልካ፣ ፈረንሳዊ። እዚያው አካባቢ ያለው ክቡ የንግድ ባንክ ደግሞ የሌላ ፈረንሳዊ፣ የኦንሪ ሾሜት ሥራ ነው። ረጅሙን ያሠራውም ክቡን ያሠራውም ያው ባንክ ነው፤ በመካከላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። ክቡ ውስጥ ገብተሽ መሐል ቆመሽ ቀና ብትዪ አንገትሽ አያምሽም ነበር።

የአፍሪካ ኅብረቱን ሕንፃ አላነሣሽውም፤ አላየሽውም መሰለኝ።

ሆጤ ሜዳ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡02

ጋሼ፣ የኅብረቱ ሕንፃ መቶ ሜትር ነው አይደል?

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

99.9 ሜትር ነው፤ ዐሥር ሳንቲ ሜትር የጎደለችው በስስት አይደለም። ኅብረቱ እንዲመሠረት በሊቢያዋ ሲርት የታወጀው በፈረንጆቹ በዘጠነኛው ወር፣ በዘጠነኛው ቀን፣ በ1999 ነው። ቁመቱ ያንን ቀን እንዲያስታውስ ተብሎ ነው። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ በስጦታ ሠራችው፤ በ2004 ጥር ተመረቀ። ለእኔ ግን ከቁመቱ ይልቅ መሬቱ ይከብደኛል። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው "ዓለም በቃኝ" ነው፤ እስር ቤቱ። ከእኛ ዘመን ተማሪዎች እዚያ ገብቶ ያልወጣ አለ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፣ እኔ ወደ ታች።

ፎርማኑ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ከሥራ መግባቴ ነው። ሃያ ዓመት በግንባታ ላይ ነኝ፤ ስድስቱን አዲስ አበባ፣ ሌላውን እዚሁ ኮምቦልቻና ደሴ። ለእቴ መጋረጃ ሰፊዋ አንድ የሚያስቃት ነገር ይዣለሁ።

ያ ሙሉ መስታወት የሆነ ፊት በእኛ ሥራ "ከርተን ዎል" ይባላል። ትርጉሙ ምን መሰለሽ? የመጋረጃ ግድግዳ። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ሕንፃውን የሚሸከመው አርማታው ነው፤ ኮለኑ (ዓምዱ)፣ ሶሌታው (የየፎቁ የአርማታ ወለል)፣ መሐል ያለው የሊፍት ግድግዳ። መስታወቱ ምንም አይሸከምም። በአሉሚኒየም ፍሬም ተይዞ በየፎቁ የሶሌታ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚችለው የራሱን ክብደትና ንፋሱን ብቻ ነው። አንቺ በቱቦና በቀለበት ትሰቅያለሽ፣ እኛ በብረትና በቡሎን። አዲስ አበባ ላይ መስኮት ፈልገሽ ያጣሽው ለዚህ ነው፤ ስታዪ የዋልሽው መጋረጃ ነው። ለእጥፋት ዓይን አለኝ ማለትሽም ልክ ነው።

ወደ ጥያቄሽ። ይሆናል አይሆንም የሚለው በመስታወቱ ዓይነትና በፊቱ አቅጣጫ ነው። በመካከሉ አየር ታሽጎ የሚገጠም ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት አለ፤ ብርዱንም ሙቀቱንም ይይዛል፣ ግን ውድ ነው። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ነጠላው ነው። ነጠላ መስታወት ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምዕራብ ከዞረ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቢሮው ምጣድ ነው። እኔ ራሴ በገጠምሁት መስታወት ውስጥ ጸሐፊዋ ካርቶን ለጥፋ አይቻለሁ። ደሴ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀን ደኅና ይውልና ማታ ሙቀቱን ሁሉ ያወጣል፣ ጠዋት ስትገቢ መስታወቱ አልቦት ውኃው ወለሉ ላይ ወርዷል። ጦሳ ደግሞ ፀሐይዋን ቀድሞ ይሸሽጋታል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ የደሴ ሕንፃ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘው ሙቀት ያን ያህል አይደለም። ባለቤቶች ግን ፀሐይን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ዋናው መንገድ በየት በኩል ነው ብለው ነው፤ መስታወቱም ወደ መንገዱ ይዞራል።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

ሁላችሁም ስለ ብርድ ታወራላችሁ፤ ከተማ ማደግ የለበትም ወይ? ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ደሴ ስሟ ገናና ነው፤ ሠላሳ ፎቅ ቢሠራባት ምን አለበት? አዲስ አበባ ሲሆን "ዘመናዊ"፣ እኛ ዘንድ ሲሆን "አይስማማንም" የሚባለው ነገር ያናድደኛል። እንዲህ እያልን ነው የቀረነው።

ፎርማኑ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ወንድሜ፣ አትናደድ። ሠላሳ ፎቅ አይሠራ ያለ የለም። ነገር ግን ደሴን ቁፋሮ ጀምረህ እያት። አዲስ አበባ ለጥ ያለ ቦታ አግኝተህ ወደ ታች ትቆፍራለህ። ደሴ ላይ ከጦሳ ሥር መሬቱ ራሱ ተዳፋት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከዚያ ይንሸራተታል። ገራዶ በኩል ያለው ሰው ይነግርሃል። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሠርተን ለደጋፊ ግንቡ የወጣው ድንጋይና ሲሚንቶ ሌላ ቤት ይሠራ ነበር። ባለቤቱ "ገንዘቤን ሁሉ መሬት ውስጥ ቀበራችሁት" እያለ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል። ሕንፃው ግን ቆሟል።

ሌላም አለ። በ2017 ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው በሌሊት ልብስ አስወጥቶታል። እኛ ደግሞ ለስምጥ ሸለቆው ዳር ከአዲስ አበባ የራቅን አይደለንም።

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

መንቀጥቀጥ ካነሣህ፣ አፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በዚያው በ1953፣ ግንቦት ላይ ካራቆሬ ተመታ። ማጀቴ ፈረሰች፤ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድም ተሰነጣጠቀ። ዛሬ አውቶቡሱ በካራቆሬ ሲያልፍ ተሳፋሪው ተኝቶ ነው የሚያልፈው።

ለቦርከና ልጅም አንድ ነገር። ከፍታ የምንፈልግ ከሆነ አምላክ ሰጥቶናል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ እስክትደርስ ወደ 600 ሜትር ትወርዳለህ። ያ ማለት የአዲስ አበባው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሦስቱ ተደራርበው ማለት ነው። አንተ ያን በሚኒባስ በየቀኑ ትወርዳለህ፣ ያለ ሊፍት።

የቦርከና ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡51

ጋሼ፣ በእርስዎስ አልናደድም። ሚኒባሱ ግን ሦስቱን ሕንፃ ሲወርድ ፍሬኑ የሚሸተውን አልነገሩንም።

ሳላይሽ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ፎርማኑ ስለ መንቀጥቀጡ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ያን ሰሞን ቢሮ አምሽቼ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት የውኃ ብርጭቆዬን ነው፤ ውኃው ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ የመስኮቱ መጋረጃ፣ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለው፣ በቀስታ መወዛወዝ ጀመረ። እትዬ፣ እኛ ቢሮ መጋረጃ አለ። ሕንፃው መስታወት በመሆኑ ኮምፒውተሩ ስለማይታይ ሁሉም ሰው መጋረጃ አስሰቅሏል፤ ቀን በመብራት ነው የምንሠራው። ዝቋላን አያለሁ ያልሁት ለምሳ ስነሣ ገለጥ አድርጌ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት፤ በሚቀጥለው አፍሪካ አዳራሽን እንዲያሳየኝ አዝዣለሁ። የጓደኛዎ ሸሚዝ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንተ ፎርማን፣ ያ "የመጋረጃ ግድግዳ" ያልኸው ዛሬ ጉድ አመጣብኝ። ረፋድ ላይ አንድ ሰው ሱቄ መጣ። እዚሁ ፒያሳ አጠገብ አዲስ በተጠናቀቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቷል፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ። "ጠዋት ፀሐይ ዓይኔን ታወጣዋለች፣ ማታ ደግሞ እንደ በረዶ ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ስፊልኝ" አለኝ። ሆጤ ሜዳ፣ ሰማህ? ገበያዬ አልተዘጋም።

ሄጄ ለካሁት፤ ግን ቱቦውን የት ልትከለው? ግድግዳ የለም። አሉሚኒየሙን ልብሳው ብዬ ባለቤቱን ጠየቅሁ፣ "እንደ ፈለግሽ" አለኝ። እጄ አልደፈረም። ምን ላድርግ?

ፎርማኑ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ደግ አደረግሽ። አሉሚኒየሙን እንዳትነኪው። ከጎማው አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ከተበሳች ክረምት ላይ ውኃ ይገባል፣ ጥፋቱም የአንቺ ነው የሚባለው። ከኮርኒሱ በላይ ሶሌታው አለ፤ ኮርኒሱን በስተው በረጅም ቡሎን ሶሌታውን ይያዙት። ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው መያዣ) ኮርኒሱን ብቻ ከያዘ በሳምንቱ መጋረጃሽ ከነቱቦው ራሱ ላይ ይወርዳል። ከመስታወቱም ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቂው፤ ካልሆነ ጠዋት ሲያልበው ጨርቁ ይጠጣዋል፣ በዓመቱ ይሻግታል። መሰርሰሪያ ያለው ልጅ ከፈለግሽ እሑድ ደሴ እወጣለሁ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ስንት ሜትር ነው?

መጋረጃ ሰፊዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

ወርዱ ዐሥራ አራት ሜትር ከሃምሳ። እጥፋቱ ሲጨመር ጨርቁ ከሃያ ዘጠኝ ሜትር አያንስም። እሑድ ከዙህር በኋላ ና፤ ቡና አፈላለሁ።